አደባባይ ላይ የቆመች ክፍል

«እናቷ ቆርቆሮ ሥር እንደ ዳቦ ስትጋገር እሷ ጭፈራ ላይ ነበረች፤ አሁን ደግሞ አልጋዋን አውጥታ መንገድ ላይ ልታሳይ ነው። እኔማ ምን እላለሁ? የእህቴ ልጅ ሆነችብኝ፤ ከቤቴ አላስወጣት ነገር!»

አክስቷ ይህን የምትለው ወጥ ቤት ሆና፣ በስልክ፣ ለአንዲት የሩቅ ዘመድ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ቃሉ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን በምታስረው በዳንሰኛዋ ጆሮ ገባ። ቀና አላለችም። ያሰረችውን ክር ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ እንደገና ፈታች። እናቷ ባለፈው የሙቀት ወራት ከሞተች ወዲህ የምትኖረው ከዚህች ከእናቷ ታናሽ እህት ጋር ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አክስቷ ፊት ለፊት አንድም ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ምግብ ታስቀርላታለች፣ የታጠበ ልብሷን አጥፋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ታኖርላታለች፣ ስታመሽ በሩን ሳትቆልፍ ትጠብቃታለች፤ ስለ ሟቿ ግን ትንፍሽ አትልም። ዳንሰኛዋ ከዝምታው በስተኋላ ምን እንዳለ ስትጠረጥር ከርማ፣ ዛሬ ሰማችው። የሚገርመው፣ ያንገበገባት ስድቡ አልነበረም። ሌሊት ሌሊት ጣሪያ ጣሪያ እያየች ለራሷ የምትለው ቃል በቃል ይኸው መሆኑ ነው።

አክስቷ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለችና ክው ብላ ቆመች። «እዚህ ነሽ እንዴ? የወጣሽ መስሎኝ» አለች። ከዚያ፣ ያ ሁሉ ያልተባለ ይመስል፣ ስለ ቲማቲም ጀመረች። እንደገና ጨምሯል፤ ነጋዴዋ ፀሐዩ እዚያው ማሳው ላይ ቀቀለው ትላለች። «ተቀቅሎ ከመጣልኝማ ጋዝ ይተርፈኛል» ብላ በራሷ ቀልድ ልትስቅ ሞከረች። ዳንሰኛዋም እንደ ወጉ ፈገግ ማለት ነበረባት፤ ፊቷ ግን እምቢ አላት።

«ዛሬ ትመጫለሽ?» አለቻት በምትኩ።

«የት?»

የት እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። የእህቷ አልጋ ትናንት ከዕቃ ቤቷ ወጥቶ ጋሪ ላይ ሲጫን መስኮት ላይ ቆማ አይታለች።

«አደባባዩ ጋ።»

«ጉልበቴን ያመኛል» አለች አክስቷ፤ ፊቷንም ወደ ምድጃው መለሰች። «ሻይሽን ጠጪ፣ ቀዘቀዘ።»

እናቷ ልብስ ሰፊ ነበረች። የኖረችው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ በተቀጠለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የሌላት። ከሁለቱ መስኮቶች አንደኛው ጎረቤት ፎቁን ሲጨምር ተደፈነ። ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ፣ ከላይ ሆኖ መንገዱን ማየት ስለሚቻል፣ ደግሞም «እኔ እንደሆንኩ የስፌት ወንበሬ እንጂ ቤቴ አያስጨንቀኝም» ትል ስለነበር አልወጣችም። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው ቆመ። ዳንሰኛዋ በወጣቶች ማዕከል ልጆችን ዳንስ እያለማመደች ነበር፤ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋ የሚቆለፈው ሳጥን ውስጥ። ስልኩን ከፍታ ስታየው የደወለ ማንም አልነበረም። ማታ ስትመለስ እናቷን በአልጋውና በበሩ መካከል ወድቃ አገኘቻት፤ እጇ ላይ ውሃ የነካ ጨርቅ፣ የደረቀ። ሐኪሞቹ «ልብ ነው» አሉ። በዚያው ሳምንት እዚያው ሠፈር የመጋዘኑ ሽማግሌ ዘበኛ ሞቱ፤ እሳቸውን «ዕድሜ ነው» አሏቸው። አንዲት አራስ ልጇን ቀበረች፤ እሷን «እግዜር ያውቃል» አሏት። ሙቀት የሚለውን ቃል የሚደፍር ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ዳንሰኛዋ ሰማዩን መጠርጠር ያዘች። ገና ሳይነጋ ስልኳ ላይ የቀኑን ሙቀት ታያለች። የማዕከሉ ልጆች «ሳድግ አብራሪ እሆናለሁ፣ ሳድግ ሐኪም እሆናለሁ» ሲሉ፣ ሌላው ሰው ሲያጨበጭብላቸው፣ እሷ ያን ጊዜ ምድሪቱ ምን ያህል ትግል ይሆን እያለች ታሰላለች። የቱ ሐዘን፣ የቱ ፍርሃት እንደሆነ መለየት አቃታት፤ ስለ ሰማዩ ልታወራ ስትጀምር እናቷ ላይ ትደርሳለች፣ ስለ እናቷ ስትጀምር ሰማዩ ላይ። ዳንስ ልትሠራበት ሞከረች። ሰውነቷ አልታዘዝ አላት፤ እጇን ስታነሣ የሚያምር ነገር ይወጣታል፤ ማማሩ ደግሞ ሐሰት ሆነባት። በመጨረሻ መደነሱን ትታ፣ ክፍሏን ራሷን ልታቆማት ወሰነች።

አደባባዩ ጥላ የሚባል ነገር አያውቅም። መንገዱ ሲሰፋ ዛፎቹ ተቆርጠው፣ በቦታቸው በተተከሉት የሲሚንቶ ገንዳዎች ውስጥ የሲጋራ ቁራጭ እንጂ ሌላ አልበቀለም። በአንድ ወገን ባንክ፣ በሌላ ወገን የታክሲ ማቆሚያ፣ ማዕዘኑ ላይ መድኃኒት ቤት። ስትደርስ፣ ከቁመቱ የተነሳ ሠፈርተኛው ሁሉ «ምሰሶ» የሚለው ብረት በያጅ ቋሚዎቹን አቁሞ የመጨረሻውን ቆርቆሮ እያሰረ ነበር። ቆርቆሮዎቹ አሮጌ ናቸው፤ ዝገታቸውም ሳይቀር የእናቷን ጣሪያ ይመስላል። አልጋውን አስገቡ፣ የስፌት መኪናውን በመስኮቱ ሥር፣ አንድ ወንበር፣ የማይዞር ማራገቢያ፣ የውሃ ማሰሮ፣ ገበቴ፣ የታጠፉ ጨርቆች። በበሩ ላይ በነጭ ሸራ «ይግቡ፤ እስከቻሉ ድረስ ይቀመጡ» የሚል ሰቀለች። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ሰው ብቻውን ይገባል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ትሆናለች፤ ጨርቅ ነክራ ግንባሩን ትጠርግለታለች። ለእናቷ ልታደርግላት ያልቻለችውን።

የአደባባዩ ጥበቃ ከሩቅ ፊሽካውን እየነፋ መጣ።

«እዚህ ቤት መሥራት ክልክል ነው!»

«ቤት አይደለም» አለው ምሰሶ ከመሰላሉ ላይ።

«ቆርቆሮ አለው፣ በር አለው፣ አልጋ አለው። ቤት ካልሆነ ምንድን ነው፣ ብስክሌት ነው?»

«ትርኢት ነው» አለች ዳንሰኛዋ፤ የፈቃዱንም ወረቀት ዘረጋችለት። ጥበቃው ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ጭምር አየ፤ ጭንቅላቱን በመስኮቱ አስገብቶ ወዲያው አወጣው። «ኧረ ይሄ ምጣድ ነው!» አለ። «ትርኢቱስ የታለ?»

«መቀመጡ ነው።»

«ሰው መቀመጥ አማረኝ ብሎ እሳት ውስጥ ይገባል?» ብሎ እያጉተመተመ ሄደ፤ ሩቅ ግን አልሄደም።

መጀመሪያ የገቡት ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች፣ አንድ በአንድ፣ እየተሳሳቁ ገብተው እየተሳሳቁ ወጡ። ቀጥሎ የመጡት ሽማግሌ ሸራውን አላነበቡትም። ግድግዳውን በዱላቸው መታ መታ አደረጉ፣ መስኮቱን ከፍተው ዘጉ፣ ከዚያም «ስንት ነው ኪራዩ?» አሏት። የሚከራይ እንዳልሆነ ስትነግራቸው ቅር አላቸው። «መስኮቱ ከኔው ይሻል ነበር» አሉ፤ ቀልድ አልነበረም። ግንባራቸውን ስትጠርግላቸው እንደ ሕፃን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ባለታክሲው ገባ፤ ወንበሩ ከሥሩ ሲያቃስት «አይዞህ፣ መኪናዬም እንዲሁ ነው የምትለኝ» አለው። ሌላው ሊያልበው ከፍሎ የሚገባበትን ሳውና እሱ መሪ ይዞ በነፃ እንደሚውልበት እያወራ ብዙ ቆየ። ቀልዱ ሲያልቅበትም አልተነሣም። «አንዳንዴ ማቆሚያው ላይ ሆኜ የት ልሄድ እንደነበር ይጠፋብኛል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለሚስቴ አልነገርኳትም።» ሲወጣ ከመኪናው በረዶ የተሞላ ጀሪካን አምጥቶ በሩ አጠገብ አስቀመጠላት።

ሰዓቱ እየገፋ ሲሄድ ሰልፍ ተሠራ። ዳንሰኛዋ ሰው በወጣ ቁጥር እሷም ብቅ ብላ ምሰሶ በዘረጋው ጥላ ሥር አየር ትስባለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ትመለሳለች። ከባንኩ የመጣች ነፍሰ ጡር ከደፉ አልፋ አልገባችም፤ አንድ እጇን መቃኑ ላይ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆመች። «አሁን እንዲህ ከሆነ፣ ይሄኛው እኔን ሲያክል ምን ሊሆን ነው?» አለቻት። «እኔም አላውቅም» አለቻት ዳንሰኛዋ። የሚያጽናና ውሸት መናገር ትችል ነበር፤ በዚህች ክፍል ውስጥ ግን አፏ ላይ አልመጣላትም። ጨርቁን ነክራ አንገቷ ላይ አደረገችላት። ሴትዮዋ «እኔም አላውቅም ብሎ የሚነግረኝ ሰው ነበር የቸገረኝ» አለችና ሄደች።

ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ጥላ እግር ሥር በገባበት ሰዓት ከሰልፉ በኩል ጫጫታ ተሰማ። «የእህቴ አልጋ ነው! ወረፋ አልይዝም!» ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ጉልበቷን እየያዘች የምትራመድ ሴት በክርኗ ሰዉን እየከፈለች መጣች። ከቤት እስከዚህ በእግሯ ነው የመጣችው። ሰልፈኛው የትርኢቱ ክፍል መሰለው፤ እየሳቀ አሳለፋት። አንዱማ «አቤት ትወና!» አለ።

አክስቷ ደፉ ላይ ስትደርስ ግን ያዘጋጀችውን ስድብ ሁሉ ረሳችው። ክፍሏን አየቻት። የስፌት መኪናውን ጎማ በጣቷ ነካች፤ ጎማው ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ። ወንበሩን ትታ አልጋው ላይ፣ እህቷ ትተኛ በነበረበት በግድግዳው በኩል፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ዳንሰኛዋ ቦታዋን ለቃላት ወንበሩ ላይ ሆነች። ቆርቆሮው እየጋለ በሄደ ቁጥር ይንጣጣል። ጨርቁን ስትዘረጋላት አክስቷ በእጇ መለሰችው።

«አክስቴ፣ በቃሽ። እንውጣ።»

«እሷ በቃኝ ብላ ወጣች?»

ዳንሰኛዋ ጨርቁን መልሳ ነከረች።

«እኔም እቀመጣለሁ» አለች አክስቷ። እምቢታዋን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከዚህ በላይ መጨቃጨቅ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ቆይታ ቆይታ፣ ማንም ሳይጠይቃት ማውራት ጀመረች፤ እህቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ልጆች ሳሉ ከታላቅ እህቷ ጋር በአንድ አልጋ ይተኙ እንደነበር፣ እሷ ትኩሳት ያዛት ጊዜ እህቷ ሌሊቱን ሙሉ በድስት ክዳን ስታራግብላት አድራ ጠዋት እጇ አልንቀሳቀስ እንዳላት፣ እናታቸው ክዳኑን ስታጣ ሁለቱንም እንደገረፈቻቸው። ዳንሰኛዋ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች፤ በሐዘኗ መሐል ደስታ የሚመስል ነገር ሽው አለባት። ክዳኑ ሰማያዊ ነበር አለች አክስቷ። ከዚያ ቀይ ነበር አለች። ከዚያ ቃላቱ እየተጎተቱ መጡ።

«እታለም» አለቻት፣ ዓይኗን እያየቻት፣ እንደ ልጅ ድምፅ። «እታለም፣ መስኮቱን ክፈቺው።»

መስኮቱ ክፍት ነው። እታለም የምትላት ደግሞ የሞተችውን እህቷን ነበር። ዳንሰኛዋ እጇን ወደ አክስቷ ግንባር ሰደደች፤ ያ ቅድም ላብ ይንጠባጠብበት የነበረ ፊት ደርቋል፣ እንደ ድስት ጀርባ ይፋጃል። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። ስንት ዓመት ሰው ስታነሣና ስትሸከም የኖረች ዳንሰኛ በብብቷ ገብታ ብድግ አደረገቻት፤ አክስቷ ግን ሙትት ብላ ከበደቻት፤ በሩ ደግሞ ጠባብ ነው። «ምሰሶ!» ብላ ጮኸች። «ግድግዳውን! ግድግዳውን አፍርሰው!» ምሰሶ ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። የጎኑን ቆርቆሮ በሁለት እጁ ይዞ በእግሩ ቋሚውን ረግጦ ገነጠለው፤ ብርሃንና ነፋስ ባንዴ ገቡ። ሁለቱም አክስቷን ተሸክመው በዚያ ቀዳዳ ወጡ።

ሰዉ አጨበጨበ። አንዱ ፉጨቱን አቀለጠው፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽም ነበር።

«አታጨብጭቡ!» አለች ዳንሰኛዋ። ድምፅዋ ለመድረክ የሠለጠነ ነውና አደባባዩን ሞላው፤ ስለሞላውም ጭብጨባው ባሰ። ነገሩ የገባው መጀመሪያ ጥበቃው ነው። ፊሽካውን በማያቋርጥ ትንፋሽ እየነፋ መንገድ አስከፈተ፤ ወደ ባንኩ ደረጃ ሥር፣ ጥላ ወዳለበት አመራቸው። ባለታክሲው የቀረውን በረዶ ከነጀሪካኑ ይዞ ሮጠ። ሻሿን ፈቱት፣ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለው አንገቷና ብብቷ ሥር አደረጉት፣ ውሃ አፈሰሱባት፤ ሰልፈኛው በያዘው ነገር፣ በጋዜጣ፣ በባርኔጣ፣ በቦርሳ ክዳን አራገበላት። ዳንሰኛዋ የአክስቷን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ «አክስቴ፣ አክስቴ፣ እኔ ነኝ» ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። ከመድኃኒት ቤቱ ነጭ ገዋን የለበሰች ሴት መጥታ ትኩሳቷን ለካች፣ የደም ግፊቷን ለካች፣ ፊቷን አልፈታችም። ቆይታ ደግማ ስትለካ ግን ተነፈሰች። «እየወረደ ነው» አለች። «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። አሁን ሐኪም ቤት ትሄዳለች፤ እምቢ ማለት የለም።»

ባለታክሲው መኪናውን ሊያመጣ ሄደ። አክስቷ ዓይኗን ገልጣ በዙሪያዋ የሚያራግበውን ሕዝብ አየች። ባዶ ፀጉሯን ዳበሰች፤ አፈረች። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለች በቀሰስተኛ ድምፅ። «ሴት ወይዘሮ አይታችሁ አታውቁም?» ሰዉ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ዳንሰኛዋ ልትስቅ አፏን ስትከፍት የወጣው ለቅሶ ነበር። ቀብር ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም፤ ትከሻዋ እየዘለለ፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ አንዳች የሚያምር ነገር የሌለበት ለቅሶ።

አክስቷ እስኪወጣላት ጠበቀቻት። ከዚያ የእህቷን ልጅ እጅ ያዘች።

«ማውራት መቼ ነው ያቆምኩት?»

«እታለም ስትዪኝ።»

«እታለም አልኩሽ?» ይህን ጥቂት አሰበችበት። «እኔ እኮ ደህና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ቀዝቀዝ ብሎኝ ነበር። ልቤ ውስጥ ምንም ጭንቀት አልነበረም፤ ሰው ተሰብስቦ የሚያወራኝ ይመስለኝ ነበር።» ምራቋን ዋጠች። «አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽኝ እንኳ ልሄድልሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ያን ቀን ብትደውዪላትም፣ ደህና ነኝ ነበር የምትልሽ» አለች አክስቷ። «አትዋሽሽም። ደህና የሆነች መስሏት ነው።»

ዳንሰኛዋ የአክስቷን እርጥብ ፀጉር ከግንባሯ ላይ ወደ ኋላ መለሰችላት፤ እጇንም እዚያው ተወችው።

ባለታክሲው መኪናውን የባንኩ ደረጃ ጥግ ድረስ አስጠግቶ በሮቹን ሁሉ ከፈተ። ምሰሶ አክስቷን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ከሰልፉ የቀረች አንዲት ሴት ቀስ ብላ ቀረበች። ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቅ ነበር፤ አባቷ አምና፣ እንዲሁ በሙቀቱ፣ እንደሞቱባት ነገረቻቸው። «ይቅርታ፣ ጊዜው አይደለም፤ ግን ዛሬ አበቃ ማለት ነው?»

ዳንሰኛዋ ዞር ብላ ክፍሏን አየች። አንደኛው ግድግዳዋ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ የበሩ ሸራ በነፋሱ ይውለበለባል፤ አልጋው ከመንገድ ይታያል። «አበቃ» ልትል ነበር።

«አላበቃም» አለች አክስቷ፤ በምሰሶ ክንድ ላይ እንደተደገፈች፣ የቤቱ ባለቤት እሷ የሆነች ያህል። «ግድግዳው እንደፈረሰ ይሁን፤ እንዳትመልሱት። ይግቡ፤ ግን ብቻውን የሚገባ የለም። ሁለት ሁለት ሁኑ።»

«እኔ አብሮኝ የሚገባ ሰው የለኝም» አለች ሴትየዋ።

አክስቷ ዙሪያዋን ቃኘች፤ ዓይኗ ጥበቃው ላይ አረፈ። «አንተ፣ ባለ ፊሽካው! ምን ቆመሃል? አብረሃት ግባ።»

ጥበቃው ሥራ ላይ እንደሆነ፣ ቦታውን መልቀቅ እንደማይችል ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ከዚያ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ ባርኔጣውንም አወለቀ። ሴትየዋ ቀድማ የወደቀውን ወንበር አንሥታ ተቀመጠች። እሱ የት መሆን እንዳለበት ግራ ገብቶት ትንሽ ቆመና፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ገበቴው ውስጥ ጨርቅ መንከር ጀመረ።